የዕድራችን አዲስ መኪና

ባለቤቴ ጤናዬ የሞተችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሞያሌ ውስጥ ማክሰኞ መሞት ትልቅ ጥፋት ነው። ማክሰኞ ከናይሮቢ የተነሡት ሎሪዎች በፖሊስ ታጅበው የሚገቡበት ቀን ነው፤ ዕቃው ይራገፋል፣ ይከፋፈላል፣ ድንበሩ ሳይዘጋም ወደ ኢትዮጵያ ይሻገራል። የእኛ ነጋዴ ማክሰኞ ዕለት እናቱ ከመቃብር ተነሥታ ብትጠራው «ትንሽ ቆዪ፣ ይችን ላራግፍ» ነው የሚላት። ጤናዬ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ግን ልቧ ደክሞ ስለነበር ቀን የምትመርጥበት አቅም አልነበራትም።

እኔ አሰግድ እባላለሁ። በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ በሚባለው ሰፈር፣ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ቁጡ ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። ከጤናዬ ጋር ከደጋ መጥተን እዚህ ስንቀመጥ ሁለታችንም ልጆች ነበርን፤ ሞያሌም ያኔ የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ፣ አቧራና ፍየል ነበረች። አሁን ፎቅ አላት፣ ጄኔሬተር አላት፣ እረኛው ሳይቀር ስልክ አለው። ሰው ብቻ የላትም። ይህን ስል «ጋሼ አሰግድ ደግሞ አበዛው» የሚሉ አሉ፤ እንግዲያው የዚያን ማክሰኞ ነገር ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

እኛ ከደጋ የመጣን ክርስቲያን ነጋዴዎች እዚህ የራሳችን ዕድር አለን። ቤተ ክርስቲያናችንና መቃብራችን ግን ከድንበሩ ማዶ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ከሞተ በኋላ አገር ይሻገራል ማለት ነው። ድሮ ይህ ማንንም አሳስቦ አያውቅም። ጥሩምባ ሲነፋ ሱቅ ይዘጋል፤ ወንዱ ቃሬዛውን ተራ በተራ ይሸከማል፤ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ይከተላል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እስከ መቃብሩ አጥር ድረስ ትከሻ ይሰጣሉ። የኬንያው ዘብ ገና ከሩቅ ሲያየን ኮፍያውን ያወልቃል፤ የኢትዮጵያው ዘብ ገመዱን መሬት ያስነካል። መታወቂያ የጠየቀ፣ «ምን ይዛችኋል?» ያለ ፈታሽ አጋጥሞኝ አያውቅም። መንገዱን የሞላውን ሰው እያየ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

አንድያ ልጃችንን በሰባት ዓመቱ ወባ ወሰደብን። የዚያን ቀን የጤናዬ እግር መሬት አልነካም፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ነው ያሻገሯት። እኔም ቃሬዛውን ልያዝ ብዬ ብታገል ወንዶቹ እንቢ ብለው ከለከሉኝ፤ «ያንተ ሥራ ማልቀስ ነው» አሉኝ። እንዴት ያለ ደግ ክልከላ እንደነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው። ጤናዬ ከዚያ ወዲህ የቀረችበት ቀብር የለም። መገነዝ ተማረች። በዚህ ከተማ የሞተች ክርስቲያን ሴት ሁሉ በጤናዬ እጅ ታጥባ፣ በጤናዬ እጅ ተገንዛ ነው የተሸኘችው። ለአንዷም ቢሆን አንድ ሽልንግ ተቀብላ አታውቅም፤ «የልጄን ብድር ነው የምከፍለው» ትል ነበር።

ከዚያ ዕድገት መጣ። ዕድገት አልጠላም፤ እኔም ኩራዝ ጥዬ አምፖል ሳበራ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ የስልክ ማማው ተተከለ። ቀጥሎ ገንዘብ በስልክ መላክ ተጀመረ። ነጋዴው ሁሉ ባንድ ጊዜ ቸኮለ፤ ለምን እንደሚቸኩል የጠየቀ የለም። ያን ሰሞን የዕድራችን ሊቀ መንበር ዘርአብሩክ ስብሰባ ጠራን። ዘርአብሩክ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል አለው፤ የተሰበሰብነውም ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ግድግዳውን ሊሸፍን ምንም ባልቀረው ቴሌቪዥን ሥር ነበር። ድምፁ ቢዘጋም ነጫጭ ሰዎች ኳስ ይጫወታሉ፤ ግማሹ ዕድርተኛ ዓይኑን ከዚያ አላነሣም።

«ወገኖቼ፣» አለ ዘርአብሩክ፣ «በቀብር ምክንያት ሥራ እየተፈታ ነው። የቀረውን ደግሞ እየቀጣን እንቀያየማለን። ጊዜው ሠልጥኗል። ከእንግዲህ መምጣት ያልቻለ በስልኩ ይላክ፤ የላከ እንደተገኘ ይቆጠር። ዋናው ልብ ነው።»

ተጨበጨበ። ጤናዬ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም፤ እኔ ራሴ ደነገጥሁ።

«ዘርአብሩክ ወንድሜ፣ ጥሩ ብለሃል» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ግር አለኝ። የተላከው ገንዘብ ሬሳውን በየትኛው ትከሻው ነው የሚሸከመው?»

ሰዉ ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ አሮጊት ስትቀልድ እንደሚሳቀው ነው የሳቁት። ዘርአብሩክም ሳቀና «እትዬ ጤናዬ፣ እሱንም አስበንበታል» ብሎ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። ናይሮቢ የተገኘ የቀብር መኪና ነው፤ ነጭ፣ ረጅም፣ ጎኑ መስታወት፣ መጋረጃው ሐምራዊ። የዕድሩ ካዝና እንደሚችለው ነገረን። እኔ ደሜ ፈላ፤ ተነሥቼ «ይሄ ዕድር ነው ወይስ ባንክ?» ብዬ ጮህሁ። «ጋሼ አሰግድ ደግሞ ጀመረው» አሉ። እጅ ሲወጣ የእኔና የጤናዬ እጅ ብቻ ወንበራችን ላይ ቀረ።

መኪናው መጣ። ዘርአብሩክ ሆቴሉ በር ላይ አቆመው፤ በየሳምንቱ ይታጠባል፣ ሙሽራ እንኳ አጠገቡ ፎቶ ተነሥታለች። በጎኑ የዕድራችን ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። መኪናው ከመጣ ጀምሮ በእኛ ዕድር ሰው አልሞተም ነበር፤ «ምናለ አንድ ሰው በሞተና ባየነው» የሚሉ ይመስል ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጤናዬ አጠገቡ ቆመች። መስታወቱን በመዳፏ ነካ አድርጋ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

«አሰግድ፣» አለችኝ፣ «እኔን በዚህ መስኮት እያሳየህ እንዳትወስደኝ። በሰው ትከሻ ውሰደኝ፤ እዚህ ሰው ቀብሬያለሁ፣ ሰው ይቅበረኝ። ከልጄ አጠገብ ደግሞ አድርገኝ።»

«እሺ» አልኳት። ሌላ ጊዜም ስታነሣብኝ «እሺ አልኩሽ አይደል!» ብዬ ተቆጣኋት። በዚህ ዓለም ለጤናዬ የቀረኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ «እሺ» ነበር።

ያን ማክሰኞ ጎረቤታችን ሙጂባ ናት መጀመሪያ የደረሰችው። ባሏ ሀላኬ ከብት ይዞ ናይሮቢ ወርዶ ነበር። የዕድሩ ሴቶችም መጡ፤ ደረታቸውን መቱ፣ አለቀሱ፣ ጤናዬን ሳሟት። ከዚያ የአንዷ ስልክ ጮኸ፣ የሌላዋ ጮኸ፤ ሎሪዎቹ ገብተዋል። «መጣን፣ አሁን መጣን» እያሉ ወጡ። ያን ሁሉ ሴት የገነዘችው ጤናዬ ገናዥ አጣች። ያጠበቻት ሙጂባ ናት። «እኔ እስላም ነኝ፣ ሥርዓታችሁን አላውቅም፣ ብሳሳትባት ይቅር ትበለኝ» እያለች፣ እንባዋ ውኃው ውስጥ እየገባ አጠበቻት። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ከጤናዬ አፍ የሰማሁትን እየነገርኳት፣ ክሩ የት እንደሚታሠር እየነገርኳት፣ እንደምንም ገነዝናት።

ዘርአብሩክ ስደውልለት አለቀሰ። የውሸት ልቅሶ አልነበረም፤ ሰውየው ጤናዬን ይወዳት ነበር፣ እናቱንም የገነዘችለት እሷ ናት። «መኪናውን አሁኑኑ እልካለሁ፤ ድንኳኑንም፤ ሣጥኑንም ናይሮቢ ካስመጣነው ምርጡን» አለ። እንዳለውም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ደረሰ። የተቀጠሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፣ የፕላስቲክ ወንበሩን በመስመር ደረደሩ፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ወንበሮቹ ንጹሕ ነበሩ። የተቀመጠባቸው ግን የለም።

ስልኬ ይጮኽ ጀመር። አንዱ «ነፍስ ይማር፣ ልኬያለሁ» ይላል። ሌላው «ጋሼ፣ ቀኑ ማክሰኞ ሆኖብኝ ነው፣ ይቅርታ፣ ልኬያለሁ» ይላል። ድምፁን መዝጋት አላውቅም፤ ቲን ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቲን ይላል። ሙጂባ እያንዳንዱ በጮኸ ቁጥር ሰው የመጣ እየመሰላት ወደ በሩ ትዞር ነበር።

የሚሸከም አልነበረም፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ጭምር፣ ሎሪው ጋ ነበር። በሰው ትከሻ አልኩ፤ የማን ትከሻ? ሣጥኑን መኪናው ላይ የጫንነው ዲዳ የሚባለው ሹፌርና እኔ፣ ድንኳን ተካዮቹን ለምነን ነው። ሙጂባ ደጃፉ ላይ ቆማ ሸኘችን፤ በእነሱ ሥርዓት ሴት መቃብር አትወርድም። እኔ ግን ተስፋዬን አልቆረጥሁም። ሰዎቻችን ሁሉ ዕቃ ለማሻገር ድንበር ላይ ናቸው፤ እዚያ ስንደርስ እናወርዳታለን፣ ከዚያ ወዲያ በትከሻቸው ይይዟታል ብዬ አሰብሁ። ግማሹን መንገድ በመኪና ብትሄድ ጤናዬ ይቅር ትለኛለች። እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር እየተደራደርሁ ከዲዳ ጎን ተቀመጥሁ።

በዋናው መንገድ ስናልፍ የሆነውን ላስረዳችሁ ብሞክርም አታምኑኝ ይሆናል። ዕድርተኛው ሁሉ ከየሱቁ ወጣ። ባርኔጣ ያለው አወለቀ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ጎንበስ አሉልን። ቀና ሲሉ ደግሞ አንድ በአንድ ስልካቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ልከናል ማለታቸው ነው። አንዱ፣ አብሮኝ ያረጀ ሰው፣ በጣቱ ስልኩን፣ ቀጥሎ ደረቱን ነካ፤ «ከልቤ ነው» ሊለኝ ፈልጎ ነው። ከዚያ ሁሉም ወደ ዕቃው ተመለሰ። ዲዳ ወጣት ቦረና ነው፤ ይህን አይቶ ምላሱን መጠጠና «ምዜ፣ እናንተ ጋ እንዲህ ነው?» አለኝ፤ በስዋሂሊኛ ሽማግሌውን ምዜ ይሉታል።

የኬንያው ዘብ መውጣት ስለሆነ ግድ አልሰጠውም፤ አሳለፈን። የኢትዮጵያው ኬላ ላይ ግን ገመዱ አልወረደም። ፈታሹ ቀጠን ያለ ወጣት ነው። ስሙ ኢብሳ መሆኑን ደረቱ ላይ ካለው አነበብሁ።

«ሰላም አባባ። የመኪናው ወረቀት?»

«የቀብር መኪና ነው ቦስ» አለ ዲዳ።

«እሱማ ገብቶኛል። ታርጋው የኬንያ ነው፤ የመግቢያ ወረቀት ከሌለው መኪና አያልፍም። ሬሳው ይውረድና በሰው ይለፍ። እንደ ድሮው።»

መኪናው እንዲህ ሲያምር፣ ሲታጠብ፣ ፎቶ ሲነሣ የከረመው ድንበር የማይሻገር ሆኖ ነው። መቃብራችን ማዶ መሆኑን የማያውቅ ዕድርተኛ የለም፤ ሆኖም በዚያ ሁሉ ስብሰባ ይህን ያሰበ አንድ ሰው አልተገኘም። ድሮ ሬሳው በእግሩ፣ በሰው እግር ነበር የሚያልፈው፤ ለእግር ደግሞ ወረቀት የጠየቀ አልነበረም። ከንዴቴ የተነሣ ሳቅሁ። ፈታሹ ክፉኛ አየኝ።

«ሰዎቹ የት አሉ?» አለ።

ወደ ኋላ ዞርሁ። ሎሪ፣ ጋሪ፣ የተቆለለ ማዳበሪያ። «እየመጡ ነው» አልሁ፤ ዋሸሁ። ስልኬን አውጥቼ ዘርአብሩክ ጋ ደወልሁ።

«ጋሼ አሰግድ፣ ደረስክ? መኪናው እንዴት ነው? ኤሲውን ከፍቶታል?»

«ዘርአብሩክ፣ መኪናው አያልፍም ተብሏል። ሰው እፈልጋለሁ። ትከሻ ያለው ስድስት ሰው ላክልኝ።»

ከኋላው የሚጮኹ አውራጆች ይሰማሉ።

«አልደረሰህም እንዴ? እኔ እኮ እጥፍ አድርጌ ነው የላክሁት።»

«ደርሶኛል።»

«ታዲያ ከዚያ ላይ ኩሊ ያዝበታ። ከጎደለህ አሁኑኑ እጨምራለሁ። ጋሼ፣ ሙት፣ አትሳቀቅ።»

ሌላው ጋ ደወልሁ። «ልኬያለሁ እኮ!» አለኝ፤ የከዳሁት ያህል ቅር ብሎት። ጫማ የሚነግደው ጋ ደወልሁ፤ እሱ ከኬላው ብዙም ሳይርቅ ካርቶን እያስቆጠረ በዓይኔ ይታየኝ ነበር። ስልኩን አነሣ። ወደ እኔ ዞረ። ዓይን ለዓይን እየተያየን በስልክ አወራን።

«ጋሼ፣ አይቼዎታለሁ» አለ። «እቺን ብቻ ላሻግርና እመጣለሁ። ፈታሹን ያናግሩት፣ ደግ ልጅ ነው።»

እጁን አውለበለበልኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ደግሜ አልደወልሁም።

ኢብሳ በመኪናው ዙሪያ ሲዞር ቆይቶ መጣ። ወፍራሙን የሣጥን እንጨት በመስታወቱ ውስጥ አይቷል፤ የናሱን እጀታም አይቷል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ ክፉ አይያዙብኝ። ባለፈው ወር በሬሳ ሣጥን ሙሉ የስልክ ቀፎ ሲያልፍ ይዘናል። እኔ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ፤ የእናንተን ቀብር አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆነን መንገድ ተዘግቶብን ቆመን እናይ ነበር። ቀብር ቢሆን ሰው ይኖረው ነበር። ይሄ አንድ ሽማግሌና አንድ ሹፌር፣ በዚህ ላይ ማክሰኞ። መክፈት አለብኝ።»

«ምኑን?»

«ሣጥኑን።»

ጮህሁ። ምን እንዳልሁ ሁሉንም አላስታውስም። የሚስቴን ፊት በጋሪ ነጂ ፊት ልትገልጥ ነው ወይ፣ መጀመሪያ እኔን ግደለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው ያልሁት። ሰልፍ የያዙ ሰዎች ዞሩ። ግንኮ ልጁ ልክ ነበር፤ ያስጮኸኝም ልክ መሆኑ ነው። ጤናዬን ዕቃ ያስመሰላት እሱ አይደለም። እሱ ያየውን ነው የተናገረው።

ኢብሳ እጁን አነሣ። «ማሎ፣ እባክዎ አባባ፣ ይረጋጉ። አልከፍትም። አብሬ እመጣለሁ። አፈር ሲገባ በዓይኔ አይቼ እመለሳለሁ። ዕቃ ከሆነ ማንም አይቀብረውም፤ ለአለቃዬም ይህንኑ እላለሁ።»

ስለዚህ የቀረው ሸካሚ ነበር። ዲዳ ከሎሪ ተራ ኩሊዎች ጠርቶ መጣ። አለቃቸው ጅሎ የሚባል አንገተ ወፍራም ነው፤ ላቡን እየጠረገ ገና ከሩቅ «ስንት ፍሬ ነው?» አለ፤ ዘወትር የሚጠይቀው ይህንን ነው። «አንድ» አለው ዲዳ። ጅሎ ቀርቦ ሣጥኑን ሲያይ ደነገጠና «ፖሌ ሳና ምዜ» ብሎ አጽናናኝ፤ ቢሆንም ዋጋውን አልቀነሰም፣ ለምን ይቀንሳል? ከፈልኩት። በምን ከፈልኩት? በዘርአብሩክ ገንዘብ፣ በጫማ ነጋዴው ገንዘብ፣ በዚያ ሁሉ «ልኬያለሁ» ነው የከፈልኩት። የጤናዬ ጥያቄ እነሆ መልስ አገኘ፤ በጅሎ ትከሻ ነው የሚሸከመው።

አነሡአት። «በሰው ትከሻ» ያለችው ይኸው ሆነላት ብዬ ልጽናና ብሞክርም አልሆነልኝም። ኩሊ እንደ ሐዘንተኛ አይሄድም። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ በሩጫና በእርምጃ መካከል፣ ሸክሙ ሳይከብደው ለመድረስ ይጣደፋል። «ሆ! ሆ!» እያሉ ዳገቱን ያዙት። «ቀስ በሉ፣ ልጆቼ፣ ቀስ» አልሁ። ጅሎ አንገቱን ሳያዞር «ምዜ፣ ቀስ ካልን ይከብደናል፤ ሎሪም እየጠበቀን ነው» አለ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። ኢብሳ ሣጥኑ ከዓይኑ እንዲጠፋ ስለማይፈልግ ከእነሱ እኩል እየሮጠ ሄደ። ዲዳ መኪናውን ትቶ መምጣት አልቻለም። ጤናዬ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ቀደመችኝ፤ እኔ ከኋላ በአቧራው ውስጥ ብቻዬን ተከተልኳት። የሚያየኝ ሰው ገበያ የሚሄድ ሽማግሌ ነበር የምመስለው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስደርስ ኩሊዎቹ ሄደዋል። ሣጥኑ ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ኢብሳ ብቻውን ቆሟል፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ዕቃ እንደሚጠብቅ ዘብ። ሆድ ባሰኝ። እዚያው አጥሩን ተደግፌ አለቀስሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀስሁትን ነው ያለቀስሁት። ያን ሁሉ ሰው በእጇ ያሰናዳች ሴት እንደ ወደቀ ካርቶን በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

ቄሱ መጡ። ከኋላዬ ያለውን መንገድ አዩ፣ አሁንም አዩ።

«ሰዎቹስ?» አሉ።

«ማክሰኞ ነው አባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም የሞያሌ ሰው ናቸው፤ ሌላ አልጠየቁኝም፤ መቃብር ቆፋሪዎቹን ጠርተው ሣጥኑን አስገቡ።

ጸሎቱ ሲደረስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ቲን እያለ ነበር። የከሰዓቱ ላኪዎች ናቸው፤ ዕቃ አራግፈው ጊዜ ያገኙ። ቄሱ ቆም ይላሉ፣ ይቀጥላሉ። ልጃችን አጠገብ ነው የተቆፈረው፤ ይህ እንኳ አልቀረባትም። ለማውረድ ገመድ ሲዘረጋ በአንዱ ጫፍ ሰው ጎደለ። ቆፋሪዎቹ ተያዩ፣ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የምችለው አይደለም። ኢብሳ ኮፍያውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አኖረና ገመዱን ያዘ። ቀስ አድርገው አወረዷት። ያኔ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለጤናዬ ቀስ የተባለላት ያኔ ነው።

አፈሩ ሲያልቅ ቄሱ መጥተው እጄን ያዙ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ኢብሳ ዞሩና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አንተም ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። አሳድጋሃለች መሰለኝ።» ልጁ ቀይ አፈር የያዘ እጁን አየ። አባ፣ ይህ ዘመድ አይደለም፣ ሬሳ መሆኗን ሊያጣራ የመጣ ፈታሽ ነው ብዬ ልናገር አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ለቀብሯ እስከ መጨረሻው የቆመ ሌላ ማን አለኝና?

ወደ በሩ አብረን ወጣን። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ከመቃብር ብቻውን አይመለስም፤ ሰው ግራና ቀኝ ይዞት፣ እያዋዛው፣ እቤቱ አድርሶት፣ እጁን አስታጥቦት ይቀመጣል። እኔን የሚጠብቀኝ በመስመር የተደረደረ ነጭ ወንበር ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ የልጁን ክንድ ያዝሁት።

«ሰልስቷ ሐሙስ ነው» አልሁት። «ማንያታ፣ የመለዋወጫ ሱቁን ብትጠይቅ ማንም ያሳይሃል። ትመጣለህ?»

ኢብሳ ደነገጠ። ወደ ኬላው መንገድ አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ ውኃ አዝሎ ነበር። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ከኪሱ ስልኩን አወጣ።

«ሐሙስ ተረኛ ነኝ አባባ» አለ። «ግን የኬንያ መስመር አለኝ። ቁጥርዎን ይንገሩኝ፤ የአቅሜን እልክልዎታለሁ።»

ደግ ልጅ ነው፤ ከልቡ ነበር ያለው። ቁጥሬን ነገርሁት።